ለቬንትሌተር ሁለት መቶ፣ ለእናት ሐምሳ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ኪራይ ናቸው። ለአዲስ አንባቢዎች ልናገር፤ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሃያ ሰባት ዓመት ድሬን ቤት ለቤት እየዞርኩ የመብራት ቆጣሪ አንብቤ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ያላንኳኳሁት የግቢ በር፣ ያላባረረኝ ውሻ የለም። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ሳይፈልግ ብዙ ነገር ያያል። የዛሬው መልሴ ረዘም ይላል፤ ወደ መጨረሻው ሁለት አጫጭር አሉ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? «አንተ በሉኝ» እንዳሉ አንብቤያለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ።

ሰቢያን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራዮች ነን፤ አከራያችን ከፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ይኖራሉ። እኔ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የገባሁት በ2017 መስከረም ነው፤ «4,500 ብር፣ ውሃና መብራት ጨምሮ» ተብዬ። ወረቀት የለንም፣ በቃል ነው።

በሦስተኛው ወር «ውሃ ተወዷል» ተባለና 250 ብር ተጨመረ። ቀጥሎ መብራት 300። አንድ አምፖልና ስልክ መሙያ ነው ያለኝ። ግንቦት ላይ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለኝ ቬንትሌተር ገዛሁ፤ ካርቶኑን እንኳ ሳልጥል «ለእሱ 200» አሉኝ። ትንሿ ፍሪጄ 300። የግቢ ጥበቃ 100፣ ቆሻሻ 50። ጥበቃ የሚሉት የእህታቸውን ልጅ ነው፤ ከኛ ቀድሞ ነው የሚተኛው። እንግዲህ ኪራዩን ሳልቆጥር በወር 1,200 ብር ማለት ነው።

ይኼን ሁሉ ችዬ ነበር። ባለፈው እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከጭሮ መጥታ አምስት ሌሊት እኔ ጋ አደረች። ወሩ ሲያልቅ «ለእንግዳ ውሃ በሌሊት ሐምሳ ነው» ብለው 250 ተቀበሉኝ። ከፈልኩ። የከፋኝ እሱ አይደለም። ነገሩን እናቴ ገና ግቢው ውስጥ እያለች ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ ልትሄድ በተነሳችበት ጠዋት ፊቷን በሃይላንድ ውሃ ስትታጠብ አየኋት። «ቧንቧ አለ እኮ» ስላት «ይቅር፣ ይቆጠርብሻል» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሮቶው ተሰንጥቋልና እያንዳንዳችሁ 500 አምጡ ተብለናል። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም። ስታመም ሾርባ ሠርተው አምጥተውልኛል። ባላቸው ሞተውባቸው ሌሊት እየተነሱ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች በማስረከብ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ግን ደከመኝ። ልውጣ ወይስ ልክፈል? ሕጉስ ምን ይላል?

ልጅዎ፣ ከሰቢያን

መልስ

ልጄ፣ ሕጉን ጠይቀሽኛል፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን እናትሽ ያልከፈቱትን ቧንቧ እናስላው፤ እኔ ነገር የሚገባኝ በቁጥር ነው።

አንድ ሰው ድሬ ውስጥ፣ ያውም ለሕክምና የመጣ፣ በቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ ቢጨርስ ብዙ ነው። ሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ነው። በአምስት ቀን 200 ሊትር። የውሃ ቢል የሚሠራው በሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን ነው። እናትሽ የተጠቀሙት እንግዲህ የአንዱ ሜትር ኩብ አንድ አምስተኛ ነው። ለእሱ 250 ብር ከተቀበሉሽ፣ በዚያው ስሌት አንዱን ሜትር ኩብ በ1,250 ብር ሸጡልሽ ማለት ነው። የግቢያችሁን የውሃ ቢል አሳዩኝ በያቸውና አንዱ ሜትር ኩብ ስንት እንደተባለ ተመልከቺ። ከዚያ ወዲያ እኔ መናገር አያስፈልገኝም። በርግጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ ሮቶ መሙላትም ድካም ነው፣ የፓምፑም መብራት አለ። ለድካሙ ትንሽ ነገር ቢጨመር አልከራከርም። ሐምሳ ብር ለአንዲት እናት ፊት መታጠቢያ ግን፣ አቦ፣ ነውር ነው። ድሬ እንግዳ የሚቆጠርበት አገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

ቬንትሌተርሽ በላዩ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለው፤ ገልብጠሽ እዪው። ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 75 ዋት ይላል። 75 ነው እንበል። ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምረሽ አሥር ሰዓት ሙሉ ብትከፍቺው፣ በአንድ ሌሊት ከአንድ ኪሎዋት በታች ነው የሚፈጀው (እኛ ቆጣሪ አንባቢዎች ኪሎዋት የምንለው ኪሎዋት ሰዓትን ነው)። በወር 22 ኪሎዋት ተኩል። እሱም ሙቀት ሲሆን ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ማን ያስነሳዋል? አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ 200 ትከፍያለሽ። ትንሿ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት አካባቢ ትፈጃለች፤ በድሬ ሙቀት ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በወር ሠላሳ ምናምን ብትል ነው። አምፖልና ስልክ መሙያ ከቁጥር አይገቡም።

የአንዱን ኪሎዋት ዋጋ ከቢላችሁ ላይ ነው የምታገኚው፤ ጠቅላላ ብሩን ለጠቅላላ ኪሎዋቱ ማካፈል ነው። ለሒሳብ እንዲመቸን አራት ብር ይውጣ እንበል። ቬንትሌተሩ 90 ብር ሆነ። ፍሪጁ 120 ወይም 130። ሁለቱ ላይ አንቺ 500 ከፍለሻል። ከዚያ በላይ ደግሞ «የመብራት» ተብሎ 300 አለ። ይኼ 300 የምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም፤ ለአንድ አምፖል ከሆነ ስታዲየም ነው እንዴ የምታበሪው?

እዚህ ጋ ግን ለሴትየዋም ጠበቃ ልሁንላቸው። ተከራዮች ብዙ ጊዜ የማታውቁት ነገር አለ። የመብራት ዋጋ እንደ ስኳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ደረጃ አለው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ከሆነ በጣም ርካሽ ነው። ከዚያ እስከ 100፣ ከዚያ እስከ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያለ ይወጣል፤ ደረጃው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ይጨምራል፤ ከ500 በላይ ያለው ውዱ ነው። አሰራሩ የታሰበው ድሃው ትንሽ ተጠቅሞ ትንሽ እንዲከፍል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን አሳቢው ድሬ መጥቶ የኪራይ ግቢ ያየ አይመስለኝም። ስድስት ድሃ በአንድ ቆጣሪ ሲደራረብ፣ ቆጣሪው ስድስት ድሃ መኖሩን በምን ያውቃል? አንድ ሀብታም ያለ ነው የሚመስለው። አንቺ የራስሽ ቆጣሪ ቢኖርሽ ከታችኞቹ ደረጃዎች በአንዱ ትከፍይ ነበር፤ በጋራ ሲሆን ግን የስድስታችሁ ተደምሮ ወደ ላይ ይገፋችኋል። ስለዚህ ሴትየዋ «ቢሉ ገደለኝ» ሲሉ ሁልጊዜ እየዋሹ አይደለም። እኔ ቢል ይዤ ስሄድ ቁጭ ብለው ያለቀሱ አከራዮች አይቻለሁ።

ጥብቅናዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ለደግነታቸው ምስክር አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት ነገር አለች፤ እኔ ግን እሷ ላይ ቆምኩ። እንጀራው።

ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀልድ አይደለም። በሰዓት 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ነው የሚስበው። በሥራ ዘመኔ ቆጣሪው ሲሮጥ ያየሁበት ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ማሽተት ነበር። እንጀራ ከሸተተኝ ቁጥሩን ሳላይ እገምተዋለሁ። በሌሊት ሦስት ሰዓት የሚጋገር ከሆነ አሥር ኪሎዋት ተኩል ነው። በወር 26 ሌሊት ቢጋገር 273። አልፎ አልፎ ማጥፊያውን ቢጫኑት እንኳ ከ200 ብዙም አይወርድም። 273ቱ ያንቺን ቬንትሌተር አሥራ ሁለት እጥፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ደምሪ። ስድስታችሁ እያንዳንዳችሁ በአማካይ 40 ኪሎዋት ብትጠቀሙ 240 ነው። የምጣዱ 273 ሲጨመር 513። አየሽ? እናንተ ብቻችሁን ብትሆኑ መካከል ደረጃ ላይ ነበራችሁ። ከ500 በላይ ያወጣችሁ ምጣዱ ነው። በአራት ብር ብናሰላው የእናንተ የስድስታችሁ ድርሻ 960 ብር ነው። «መብራት» ተብሎ ብቻ የሚሰበሰበው ግን ሦስት መቶ በስድስት፣ 1,800 ነው፤ የቬንትሌተሩና የፍሪጁ ገና አልተቆጠረም። ቢሉን በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም። ፍርሃቴን ግን ልንገርሽ፦ ድሬና አካባቢዋ የሚበላው የሴትየዋ እንጀራ መብራቱ የሚከፈለው ከናንተ ኪስ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸውም ይኼን አስልተው ላያውቁት ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚያስበው አዲስ የገባ ዕቃ ቢሉን እንዳናረው ነው፤ ሃያ ዓመት እቤት የኖረ ምጣድ አይጠረጠርም።

እሺ፣ ሕጉ። በ2016 መጋቢት ላይ ፓርላማው ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320። ድሬዳዋን ይመለከታል። ከእሱ ላንቺ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባወጣው ልክ እንጂ አከራይ እንዳሻው አይደለም። ኪራይ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈላል።

የዓመቱን ጭማሪ ላይ ልብ በይ። ኪራይ በፈለጉት ጊዜ መጨመር ሲከለከል ምን ይመጣል? ኪራዩ 4,500 እንደሆነ ይቀመጥና ከጎኑ «የውሃ»፣ «የጥበቃ»፣ «የእንግዳ» የሚሉ ልጆች ይወልዳል። ለጥበቃ 100 የምትከፍይው የእህታቸው ልጅ ተኝቶ ለሚያድርበት ከሆነ፣ እሱ የጥበቃ አይደለም፤ ኪራይ ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ። ሌላም ምክንያት አለ። የቤት ኪራይ ገቢ ግብር አለበት፣ በሠንጠረዥ «ለ»። ስለዚህ ውል ሲጻፍ ትንሽ ኪራይ ይጻፍና ቀሪው «ተጨማሪ» እየተባለ በእጅ ይሰበሰባል። ይኼን የማያውቅ አከራይ ድሬ ውስጥ ካለ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

እኔ የምይዘው መለያ አንድ ነው። የተጠቀምሽው፣ የተለካና ቢሉ የታየ ከሆነ ክፈይ፤ ሳታጉረመርሚ። ከገባሽ በኋላ የተፈጠረ፣ መለኪያ የሌለውና ቢሉ የማይታይ ከሆነ ግን የኪራይ ጭማሪ ነው፤ እንደ ጭማሪ ነው የምትነጋገሪበት። «ውሃና መብራት ጨምሮ» ብለው ካስገቡሽ ደግሞ ቃላቸው ውል ነው። ችግሩ ወረቀት የለሽም። ወረቀት አለመኖሩ እሳቸውን የጠቀመ ይመስላቸዋል እንጂ፣ ነገ ከተከራዮቹ አንዱ «ኪራዩ 2,000 ነበር» ቢል እሳቸውም ምስክር ፍለጋ ነው የሚዞሩት።

እኔም አከራይ ነኝ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ከጓሮዬ አንዲት ክፍል አከራያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተከራይዋ ካውያ ገዛች። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ኪሎዋት ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ «ለካውያው በወር መቶ ብር» አልኳት። ልጅቷ አልተናገረችም፣ ባለቤቴ ግን ሰማች። ማታ ራት ስታቀርብልኝ ሹካውን ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ዳቦውን፣ ከዚያ የቡናውን ስኳር በማንኪያ። «ምንድነው?» ስላት «ልክ ነው እንጂ፣ ሁሉም ይቆጠር» አለችኝ። በማግስቱ መቶውን መለስኩ። ካውያው በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር አራት ኪሎዋት ነበር። ማስላቱን አጥቼው አይደለም፤ የገዛ ግቢዬ ስለሆነ ማስላት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ምን ታደርጊ? ብቻሽን አትሂጂ፤ ስድስታችሁም ተሰባስባችሁ እንደ ሰልፍ አትሂዱባቸው። አንቺና ከተከራዮቹ በዕድሜ ትልቁ ሆናችሁ ሂዱ። ወር ማብቂያ ላይ አይሁን፣ ያን ቀን የሁሉም ሰው ልብ ኪሱ ላይ ነው። በሙቀቱ ሰዓትም አይሁን። ጠዋት፣ እንጀራውን አስረክበው ሲመለሱና ቡና ሲያፈሉ ሂዱ። ስለ እናትሽ ጉዳይ አትጀምሪ፤ እሱን ከጀመርሽ ታለቅሻለሽ፣ እሳቸውም ያፍራሉ፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። በቢሉ ጀምሪ። «እትዬ፣ የሦስት ወር ቢል አብረን እንየው፣ እንዲህ እየተወደደ እርስዎም እየተጎዱ ነው» በያቸው። እየተጎዱ መሆናቸው እውነት ነው።

ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ አለ፤ ልዩነቱ ነው ፍጆታው። ከዚያ አንድ ሙከራ ጠይቁ። እንጀራ በማይጋገርበት አንድ ቀን፣ እሑድ ይሁን ሌላ፣ ጠዋት ቆጣሪውን አንብቡ፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት አንብቡ። በተጋገረበት ቀንም እንደዚያው። ሁለቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። አንቺ «ምጣድዎ ነው» ብለሽ አትክሰሺያቸው፤ ቁጥሩን ራሳቸው ያንብቡት። እኔ የማነበውን ቁጥር አላምንም ያሉ ሰዎች ራሳቸው ሲያነቡት ጸጥ ሲሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ጥሩው፣ አከራይሽ ጠይቀው ለምጣዱ ወይም ለተከራዮቹ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ለሽያጭ የሚጋገር እንጀራ ከመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ላይ መኖሩ ለእሳቸውም ነገ ጣጣ አለው። ይኼ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ይገባል፤ ከገበያ ተገዝቶ ኤሌክትሪሺያን የሚያስረው ነው። ወር ሲያልቅ ጠቅላላ ብሩን ለጠቅላላው ኪሎዋት ታካፍላላችሁ፣ ሁሉም በራሱ ቁጥር ያባዛል። የቬንትሌተር፣ የፍሪጅ፣ የካውያ የሚባል ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቀራል። ቬንትሌተሩን ሌሊቱን ሙሉ ብትከፍቺው የራስሽ ጉዳይ ነው።

ሮቶው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተከራይ ላይ የሚጥላቸው ትንንሽ ጥገናዎች አሉ፤ በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ የቧንቧ ቁልፍ፣ ሽንት ቤት የመሳሰሉ። በእርጅና የተበላሸውን ግን ተከራይ ጠግን አይልም። ድሬ ፀሐይ ላይ ዓመታት ቆሞ የተሰነጠቀ ሮቶ ማንም ሰው አልሰበረውም፤ ፀሐይ ነች የሰበረችው። የንብረቱ ባለቤት ያሠሩት። ስድስት በ500 ሦስት ሺህ ብር ነው፤ ግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ከሚቀጥለው ኪራይ የሚታሰብ ብድር ይሁንና ይጻፍ። አንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ፊርማ።

ልውጣ ወይ ላልሽኝ፣ አሁን አትውጪ። ብትወጪ ደላላ አለ፣ የሁለት ወር ቅድሚያ አለ፣ ፍሪጅ ጭኖ የሚሄድ ባጃጅ አለ። ደግሞም ሾርባ የሚያመጣ አከራይ በየሰፈሩ አይገኝም። መጀመሪያ ቢሉን እዪ። አላሳይም ካሉ፣ ውል ይጻፍና ይመዘገብ ሲባሉም እምቢ ካሉ፣ ያኔ ሌላ ነገር ነው፤ ውል ወደሚመዘገብበት ቢሮ ሂጂ፤ የከፈልሽውን የሚያሳይ ይዘሽ ይሁን። ከዚህ ወር ጀምሮ አንድም ብር በእጅ አትስጪ። በቴሌብር ወይም በባንክ ላኪ፣ ምክንያቱ ላይ «የሰኔ ውሃ»፣ «የሰኔ መብራት» ብለሽ ጻፊ። «የእንግዳ ውሃ» የሚባል ነገር ዳግመኛ ከመጣም እንደዚያው ጻፊውና ላኪ። እንደዚያ ተጽፎ ስልካቸው ላይ ሲመጣላቸው፣ የሚያነቡት ልጆቻቸው ናቸው።

እናትሽ ለዓይናቸው ቀጠሮ ካላቸው ደግሞ ይምጡ።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ አከራይ ነኝ፣ ገንደ ቆሬ። ሁል ጊዜ የምትፈርዱት በኛ ላይ ነው። «እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን» ብሎ የገባ ሰው አሁን ሰባት ሆነዋል። ኩሽናው ውስጥ ሳይቀር ይተኛሉ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሦስቴ ያበስላሉ፣ ቢሉ በእኔ ስም ይመጣል። ተጨማሪ ላስከፍል ስል «ሕግ አለ» ይለኛል። መብራቱን ባጠፋበትስ?

መልስ

ወንድሜ፣ አታጥፋ። ያጠፋህ ቀን ጥፋቱ ከሱ ወዳንተ ይዞራል፤ ሰባቱም ሰዎች በሻማ ተቀምጠው ምስክር ይሆኑብሃል።

ማስከፈል ግን መብትህ ነው፤ በግምት ሳይሆን በልክ። ንዑስ ቆጣሪ ግዛለት። ዋጋውን አንተ ቻል፣ ቆጣሪው ያንተ ንብረት ነው። የሚሰቀለው ከክፍሉ ውጪ፣ ሁለታችሁም ቁልፍ ሳትጠያየቁ በምታዩት ቦታ ይሁን። በየወሩ በአንድ ቀን አብራችሁ አንብቡ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ምድጃው ሦስቴ ሲበራ ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል፣ አንተ መጮህ አያስፈልግህም። በሙያ ዘመኔ ያየሁት፣ ንዑስ ቆጣሪ የገባበት ቤት ሰው በሁለተኛው ወር ወደ ከሰል ይመለሳል።

የሰዉ ብዛት ሌላ ጉዳይ ነው። ስንት ሰው እንደሚኖር ውላችሁ ላይ ካልተጻፈ ጸብ ነው የሚሆነው። ሲታደስ ይጻፍ። እንግዳና ነዋሪ ግን ለይ፤ ለበዓል የመጣች አክስት ነዋሪ አይደለችም።

ጥያቄ

ለገሃሬ ሁለት ዓመት ከተከራየሁበት ቤት በሰላም ወጣሁ። አከራዬ «ግድግዳው ቆሽሿል፣ ቀለም ይቀባል» ብሎ ካስያዝኩት 3,000 ብር ላይ ምንም አልመለሰልኝም። ግድግዳው ላይ ምስማር እንኳ አልመታሁም። ምን ላድርግ?

መልስ

ስትገባ ፎቶ አንስተሃል? አላነሳህም፤ ማንም አያነሳም።

በሁለት ዓመት የደበዘዘ ቀለም የአኗኗር እርጅና ነው፣ ያንተ ጉዳት አይደለም። ያውም ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው ጎን፣ አቧራውን አንተ አላመጣኸውም። ልጅ በከሰል ሥሎበት ወይም ምስማር ተመትቶበት ቢሆን የተለየ ነበር። ለአከራይህ በቴክስት ጻፍለት፤ ብሩን የምትጠይቅበትን ቀን፣ የገባህበትንና የወጣህበትን ቀን፣ «ለቀለም ከሆነ የቀቢውን ደረሰኝ አሳየኝ» የሚለውን ጨምረህ። ደረሰኝ ካመጣ፣ ግማሹን ተነጋገሩ። ካላመጣና ቤቱን ሳይቀባ ለሌላ ሰው ካከራየው፣ አዲሱን ተከራይ ሄደህ ሰላም በለው። ግድግዳውን በስልክህ አንሳና ፎቶውን ለአከራይህ ላክለት።